ቦይና ታንኳ፦ የስምጥ ሸለቆው ውኃ በሂስ ሚዛን

የአማርኛ አነጋገር ውኃን የሚያውቀው በአብዛኛው በመሻገር ነው። ፋይዳ የሌለው ነገር «ወንዝ የማያሻግር» ይባላል። ሳይታሰብ የሚደርስ ጥፋት «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» በሚለው አባባል ይገለጻል። ሀብት በደጁ ሳለ የሚቸገር ሰው ደግሞ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ይባልለታል። በእነዚህ አባባሎች ውስጥ ውኃ እንቅፋት ነው፣ አደጋ ነው፣ ወይም ጥም ነው። ሳይቸኩሉ በጀልባ ተቀምጦ ዳርቻውን እያዩ ቀኑን በውኃ ላይ ማሳለፍ የሚለው ሐሳብ በቃል ሀብቱ ውስጥ እምብዛም ሥፍራ አላገኘም። ይህም የሚያስደንቅ አይደለም፤ አባባሎቹን የፈጠረው የደጋ ገበሬና ሲራራ ነጋዴ ወንዝን የሚያውቀው ክረምት ሲዘጋበት፣ በጋ ሲከፈትለት ነበርና። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንኳ በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ሲቀርብ ጎጃምን ከአዲስ አበባ ጋር ያገናኘው ዓባይን በሚሻገር መንገድ ነው። ወንዙ በሁለት ዓለማት መካከል የተጋረደ ድንበር እንጂ የሚዋልበት ሥፍራ አይደለም።

ነገር ግን በውኃ ላይ የሚዋልበት፣ ከዚያም አልፎ በውኃ መካከል የሚኖርበት አገር አለ። ከአዳማ በሞጆ በኩል ወደ ደቡብ የሚታጠፈው መንገድ መቂን አልፎ ባቱ ሲደርስ የዝዋይ ሐይቅን ከጎኑ ያገኘዋል። ከዚያም ላንጋኖ ይከተላል፤ ራቅ ብሎ ሐዋሳ አለ። ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ የቢሾፍቱ ሐይቆች ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች በጀልባ ተንሸራሽሮ መመለስ ዛሬ የታወቀ የዕረፍት ቀን መልክ ሆኗል። ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ይሄዱበታል፤ የሠርግ አጃቢዎች ፎቶግራፍ ይነሡበታል፤ የሙዚቃ ክሊፕ አዘጋጆችም ካሜራቸውን ይዘው ይወጡበታል። ስለዚህ የውኃ ላይ ዕረፍት የራሱን ሥዕላዊ ቋንቋ አበጅቷል ማለት ነው። ይህ ቋንቋ በፖስተርና በፖስት ካርድ፣ በቱሪስት መጽሔት፣ በመንገድ ዳር በሚሸጥ የሸራ ሥዕልና በፊልም ላይ ይታያል። ብዛቱ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ በሂስ ሚዛን የተመዘነበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። ምን ያሳያል? ምንስ ይሸፍናል?

የመጀመሪያው ሽፋን ስም ነው። በስምጥ ሸለቆው ላይ ከመጽሐፍ ቅዱስ የተወሰዱ ስሞች እንደ ነጠላ ተዘርግተው ነበር። አዳማ ናዝሬት ተባለች፤ ቢሾፍቱ ደብረ ዘይት ተባለች፤ የቆቃ ግድብ የፈጠረው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ገሊላ ተባለ። በዝዋይ ደሴቶችም ከዚህ እጅግ ቀደም ብሎ ደብረ ጽዮን፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላ የሚሉ ስሞች ነበሩ። የደሴቶቹ ስም ከገዳማዊ ሕይወት የበቀለ በመሆኑ የራሱ ታሪክና ክብር አለው። የከተሞቹ ግን ከቤተ መንግሥት የወረደ ስያሜ ነበር። ከሥር ያሉት የኦሮምኛ ስሞች ሲመረመሩ በአንጻሩ ዓይን ያየውን የሚናገሩ ሆነው ይገኛሉ። አዳማ የቁልቋልን ዛፍ ያስታውሳል፤ ቢሾፍቱ የውኃውን ብዛት ይጠራል፤ ቱሉ ጉዶ ታላቁ ተራራ ነው። ዝዋይም ደምበል የሚል ስም አለው። አዳማ እ.ኤ.አ. በ2000 የቀድሞ ስሟ በይፋ ሲመለስላት በብዙዎች ዘንድ የአስተዳደር ጉዳይ ብቻ መስሎ ታይቶ ይሆናል። ለሥነ ጽሑፍ ሰው ግን ስም የመጀመሪያው ገለጻ ነው። ገሊላ ብሎ የሚጀምር ደራሲ ሐይቁን ሳያይ በፊት የሌላ አገር ሐይቅ በዓይነ ኅሊናው ይመጣበታል። ቁልቋል ብሎ የሚጀምር ግን ቢያንስ አንድ ተክል አይቷል።

ሁለተኛው ሽፋን መፈክር ነው። የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ «የ13 ወር ጸጋ» የሚለውን ሐሳብ ይዘው በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አገሪቱን ለዓለም ሲያስተዋውቁ የሠሯቸው ፖስተሮች በግራፊክ ጥበብ ረገድ ሊናቁ የሚችሉ አልነበሩም። ቅንብራቸው ግልጽ፣ ቀለማቸው ደማቅ፣ መልእክታቸው በአንድ ዓይን ጥቅሻ የሚያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 «ምድረ ቀደምት» የሚለው መፈክር እስኪተካው ድረስ ይህ የፀሐይ መፈክር ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ኖሯል። ጉድለቱ የተወለደው ከጥንካሬው ነው። ፀሐይን ብቻ ያየ ፖስተር በፀሐይ የሚሠራውን ሰው ማየት አላስፈለገውም።

ይህን ጉድለት ቀድሞ የተገነዘበው ሃያሲ ሳይሆን ልብ ወለድ ደራሲ ነው። ዳኛቸው ወርቁ በእንግሊዝኛ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ርእሱ ብቻ ከመፈክሩ ጋር ሙግት የገጠመ ይመስላል። ታሪኩ የሚፈጸመው ከአዳማ ሜዳ በሚታየው በዝቋላ ተራራ ላይ ነው። በሽተኛው ፊታውራሪ ወልዱ ከልጆቹ ከጎይቶምና ከወይኒቱ ጋር ፈውስ ፍለጋ ወደ ገዳሙ ይወጣል። ዝቋላ በአናቱ ሐይቅ ያለው ተራራ ነው፤ ለፖስተር ሠሪ ከዚህ የተሻለ ትዕይንት አይገኝም። ዳኛቸው ግን ትዕይንቱን ለውበቱ ብሎ አላቀረበውም። ዳገቱ በድካም፣ ውኃው በተስፋ፣ ተስፋውም በሞት ይመዘናል። ልብ ወለዱ ጨለምተኛ ነው ተብሎ የተተቸባቸው ነጥቦች ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ቢሆንም አንድ ነገር አስተምሯል። የስምጥ ሸለቆው ውኃ ወደ እርሱ የሚሄዱት ሰዎች ከነጉዳያቸው ሲታዩ ብቻ በጽሑፍ ውስጥ ክብደት ያገኛል። ከዚያ ወዲህ የመጡት የሐይቅ ላይ ክሊፖችና ሥዕሎች አብዛኛዎቹ ወደ ፖስተሩ እንጂ ወደ ልብ ወለዱ አላዘነበሉም።

ስለ ውኃ መንገድ ሲነሣ በአዳማ ዙሪያ መጀመሪያ ሊታይ የሚገባው ሐይቅ ሳይሆን ቦይ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ባሕር ሳይደርስ በጅቡቲ ድንበር አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚቀር ወንዝ ነው። ሰው በዚህ ወንዝ ላይ ትልቁን እጁን ያሳረፈው በወንጂ ነው። የኔዘርላንድ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ ከኢንዶኔዥያ ልምዱን ይዞ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1954 የወንጂን ስኳር ፋብሪካ ሥራ አስጀመረ። በ1962 ደግሞ ሁለተኛው የሸዋ ፋብሪካ ተከተለ። ሜዳው ቀድሞ የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች የግጦሽ ሥፍራ ነበር። አገዳውን ለመቁረጥ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ሠራተኞች በካምፕ ሰፈሩ። ከወንጂ ላይ እ.ኤ.አ. በ1960 የተመረቀው የቆቃ ግድብ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ የተሠራ ሲሆን 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል ለማመንጨት ታስቦ የተገነባ ነበር። የወንዙንም ፍሰት ዓመቱን ሙሉ አመጣጠነ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1975 ወደ መንግሥት ይዞታ ገባ። አሮጌዎቹ ፋብሪካዎች ሥራቸውን ጨርሰው ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ በአዲስ ፋብሪካ ሲተኩ ቦዮቹ ግን አገልግሎታቸውን አላቋረጡም።

ከወንዙ በፓምፕ የሚወጣው ውኃ በዋናው ቦይ ገብቶ፣ ከዋናው ወደ ንኡሳኑ ተከፋፍሎ፣ በመጨረሻም በትልም ለትልም ወደ አገዳው ሥር ይደርሳል። ከከፍታ ላይ ሆኖ ለሚያየው ይህ መረብ የሚያምር ጂኦሜትሪ ነው። ቀጥ ያለ መሥመር፣ በዳርቻው የቆመ ዛፍ፣ ከኋላው አረንጓዴ ግድግዳ የመሰለ አገዳ ይታያል። የአውሮፓን ቦዮች በሥዕል ያየ ሰው ጀልባ ብቻ የጎደለ ሊመስለው ይችላል። ጀልባ ግን አልጎደለም፤ ቦዩ ለጀልባ አልተሠራምና። ሰውንና ጭነትን ከዳርቻ ወደ ዳርቻ ለማድረስ ሳይሆን ውኃን ወደ አፈር ለማድረስ የተቆፈረ ነው። የሚሄድበትም ሰው ተሳፋሪ ሳይሆን በእጁ አካፋ የያዘው፣ በሌሊት ተነሥቶ ትልም የሚከፍተውና የሚዘጋው የመስኖ ሠራተኛ ነው።

የካምፑ ልጆች በእነዚህ ቦዮች ውስጥ ዋኝተው አድገዋል። ለእነርሱ መዝናኛ ነበር ማለት ይቻላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ሆነ። በቦዩ ዳር የሚራቡት ቀንድ አውጣዎች የቢልሃርዚያን በሽታ ስለሚያስተላልፉ ወንጂ በአገሪቱ የቢልሃርዚያ ጥናትና ቁጥጥር ታሪክ ውስጥ ስሟ ደጋግሞ የሚነሣ ሥፍራ ሆናለች። ከመሬት ውስጥ የሚወጣው የመጠጥ ውኃ ደግሞ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር በካምፖቹ ያደጉ የብዙ ልጆች ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ ለረጅም ዓመታት በጠጡትም ላይ አጥንትን የሚያደነድን ሕመም ታየ። «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» ለሚለው አባባል የአዋሽ ልጆች የራሳቸው ትርጉም አላቸው።

የዘፈን ግጥም በዚህ ሁሉ መካከል ከወንጂ የወሰደው ሸንኮራውን ብቻ ነው። የምትወደድ ሴት ሸንኮራ ትባላለች፤ ከንፈሯ ስኳር ይባላል። ምሳሌው ሕዝብ የወደደው በመሆኑ ሊነቀፍ አይገባም። ሆኖም ጣፋጩ ወደ ዘፈን ሲገባ ቦዩ፣ ትልም ከፋቹና አገዳ ቆራጩ ከደጅ መቅረታቸው አጋጣሚ አይደለም። ፖስተሩ በፀሐይ ላይ ያደረገውን ዘፈኑ በስኳር ላይ ደግሞታል።

በዚህ ረገድ የሌላ አገር ልምድ ማየት ይጠቅማል፤ የቦይ ላይ ሽርሽር በዓለም የታወቀው በእንግሊዝ አገር ነውና። ብሪጅዋተር የተባለው ቦይ እ.ኤ.አ. በ1761 ሲከፈት ተግባሩ ከዎርስሊ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ወደ ማንቸስተር ከሰል ማድረስ ነበር። በቀጣዮቹ ዐሥርት ዓመታት የተቆፈሩት ብዙዎቹ ቦዮች ውኃን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ባለ በር መተላለፊያዎች ነበሯቸው። የበሮቹ ስፋት ከ2 ሜትር ብዙ የማይበልጥ በመሆኑ ጀልባዎቹም እስከ 21 ሜትር የሚረዝሙ፣ ግን እንደ ጦር ዘንግ የቀጠኑ ሆኑ። የሚጎትታቸው በዳር የሚሄድ ፈረስ ነበር። ባቡር መጥቶ ገቢያቸውን ሲቀንስባቸው ጀልበኞቹ የኪራይ ቤታቸውን ትተው ከነቤተሰባቸው በጀልባው ጫፍ 3 ሜትር በማትሞላ ክፍል ውስጥ መኖር ጀመሩ። ልጆቻቸው ትምህርት ቤት አልደረሱም። ይህም እ.ኤ.አ. በ1877 ስለ ቦይ ጀልባዎች የወጣውን ሕግ ከአስከተሉት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። በዚያች ክፍል ግድግዳ፣ በበሩና በውኃ መቅጃው ላይ ግን ጽጌረዳና ግንብ ይስሉ ነበር። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያልተማረ፣ በቀይና በአረንጓዴ የደመቀ የሕዝብ ሥዕል ነው።

ይህ ሕይወት ሊጠፋ ሲል ኤል ቲ ሲ ሮልት የተባለ መሐንዲስና ደራሲ ክሬሲ በተባለች ጀልባው ተጉዞ ያየውን ጻፈ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1944 ታትሞ አገሬውን አነቃ። በ1946ም ቦዮቹን ለማዳን ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ ግን ብዙ ሳይቆይ ተከፈለ። ሮልት ጭነት የሚያመላልሱትን ጀልበኞችና የሥራ ሕይወታቸውን ማስቀደም ይፈልግ ነበር። ሌሎቹ ሁሉም ቦይ ለመዝናኛም ቢሆን እንዲድን ፈለጉ። በ1951 ሮልት ከማኅበሩ ተባረረ። በታሪክ የተረቱት ሁለቱም ወገኖች አይደሉም። ቦዮቹ ድነዋል፤ ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት እየተጓዙ ቀናቸውን ያሳልፉባቸዋል። ጀልበኞቹ ግን ከ1962ና 1963 ከባድ ክረምት በኋላ አብዛኛው ጭነት ወደ መኪና ሲዛወር ሥራቸውን ትተው ሄዱ። ጽጌረዳና ግንቡ በአዲሶቹ የመዝናኛ ጀልባዎች ላይ አሁንም ይሣላል። ቅርጹ ተርፏል፤ ከጠባብ ክፍል ውስጥ ሆኖ ሰፊ ግንብ የሚመኘው ይዘት ግን አብሮ አልተረፈም። ስለ ይዘትና ቅርጽ በክፍል ውስጥ ለሚያስተምር መምህር ከዚህ የጠራ ምሳሌ ማግኘት አዳጋች ነው።

አሁን ወደ ዝዋይ ስንመለስ የሮልትና የማኅበሩ ክርክር እዚህ ገና አለመጀመሩ ይታያል። ሐይቁ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት አለው፤ ጥልቀቱ ግን በጥልቁ ሥፍራ 9 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ከምዕራብ መቂ፣ ከምሥራቅ ከታር ይገቡበታል፤ ቡልቡላ ወደ አቢጃታ ይወጣበታል። በውስጡ አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ፀደቻ፣ ደብረ ሲና፣ ገሊላና ፉንዱሮ ናቸው። በእነዚህ ደሴቶች የኖረው የዛይ ሕዝብ ዓሣ አስጋሪ፣ ሸማኔና በእርከን መሬት ላይ የሚያርስ ገበሬ ነው። ቋንቋው ከስልጤኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው። በዙሪያው ከሚኖረው ኦሮሞ ጋር ለዘመናት ተገበያይቷል፣ ተጋብቷል፣ ተዋርሷል። ዛሬ ብዙው የዛይ ሰው በባቱና በሌሎች የሐይቁ ዳር ሥፍራዎች ስለሚኖር ዛይኛ በዕድሜ በገፉት አፍ እየተወሰነ የመጣ፣ ለመጥፋት ከተቃረቡት ቋንቋዎች መካከል የሚቆጠር ሆኗል።

የአንድ ቀን ጉዞ ከባቱ የጀልባ ማቆሚያ በጠዋት ይጀመራል፤ ጠዋት ነፋሱ ገና ሳይነሣ ሐይቁ ረጋ ያለ ነውና። በዳር አባ ኮዳዎች የአሣ ቁርጥራጭ ጠብቀው እንደ ሽማግሌ ጉባኤ ቆመዋል፤ ይበልዎች በደንገሉ አጠገብ ይንሳፈፋሉ፤ ጉማሬ ያለበትን ሥፍራ ጀልበኛው ያውቀዋል። ወደ ቱሉ ጉዶ የሚደረገው ጉዞ በሞተር ጀልባ እንኳ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። በኮረብታው አናት የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን አለች። በዮዲት ጉዲት ዘመን ታቦተ ጽዮን ከአክሱም ሸሽታ 70 ዓመት በዚህ ደሴት ቆይታለች የሚለው ትውፊት እስከ ዛሬ ይተረካል፤ የብራና መጻሕፍትም ተጠብቀው ኖረዋል። ጎብኚው ዳገቱን ወጥቶ፣ ታሪኩን ሰምቶ፣ ዓሣ በልቶ፣ ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ይህ ቀን ውብ ነው፤ ማንም ሊክደው አይገባም። ለደከመ መምህር ወይም ለፋብሪካ ሠራተኛ በውኃ ላይ ማረፍ መብቱ እንጂ ቅንጦቱ አይደለም።

ጥያቄው የዚህ ቀን ምስል ምን ይይዛል የሚለው ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ቀለሙ ይታይ። የዝዋይ ውኃ ሰማያዊ አይደለም። ሐይቁ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ነፋስ ከሥሩ ደለል ያነሣል፤ ወንዞቹም አፈር ይዘው ይገባሉ። ስለዚህ ወደ ቡናማና ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ ወተት ጠብ ያለበት ቡና የመሰለ ቀለም አለው። ላንጋኖም ከዚህ የበለጠ ቡናማ መሆኑን የዋኘበት ሁሉ ያውቃል። በመንገድ ዳርና በሆቴል ግድግዳ በሚታዩት ሥዕሎች ላይ ግን ሐይቁ ብዙውን ጊዜ ከፖስት ካርድ እንደ ተቀዳ ሰማያዊ ሆኖ ይቀርባል። ይህን እንደ ትንሽ ስሕተት ማለፍ አይቻልም። ቡናማው ቀለም የመቂ ገበሬ ማሳ ነው፤ ከዳገት የታጠበው አፈር ነው፤ የሐይቁ ታሪክ ራሱ ነው። ሰማያዊ የቀባ ሠዓሊ ሐይቁን ከምድሩ ነጥሎታል። እውነታዊነት ማለት ጢምና መጨማደድን በዝርዝር መሣል ብቻ መስሎ የሚታያቸው ወጣት ሠዓልያን ካሉ፣ ይህን ቡናማ ቀለም በሸራ ላይ ያለ ውርደት አስውቦ ማውጣት ምን ያህል ከባድ ፈተና እንደ ሆነ ቢሞክሩት ያውቁታል።

ቀጥሎ ታንኳው አለ። የደንገል ታንኳ በፖስት ካርድ ላይ የሚወደድ ነገር ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከጀንበር መጥለቂያ ፊት ለፊት፣ ጥቁር ጥላ ሆኖ፣ ወይም ሰው ሳይኖርበት ይቀርባል። ይህ አቀራረብ የታንኳውን ውበት ያሳያል ቢባልም በመሠረቱ ይደብቀዋል። ታንኳው ቅርጹን ያገኘው ከሥራው ነው። ደንገል በውስጡ አየር የያዘ ግንድ ስላለው ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በእስር በእስር ተጠፍሮ ይንሳፈፋል። እንደ እንጨት ጀልባ ውኃ እንዳይገባበት የተዘጋ ዕቃ አይደለም፤ ውኃ ይገባበታል፣ ግን አይሰጥምም። ጫፉ ወደ ላይ የሚታጠፈው ለማማር ሳይሆን ማዕበሉን ለመክፈልና የእስሩን ጫፍ ለመጠበቅ ነው። ከአገልግሎት በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ዕድሜው በወራት የሚቆጠር በመሆኑ ሠሪው ሁልጊዜ አዲስ መሥራት አለበት። ስለዚህ የደንገል ታንኳ ቅርስ ሆኖ በሙዚየም ቢቀመጥ ቅርስነቱ የሚያልቅ ነገር ነው። የሚጠበቀው ዕቃው ሳይሆን እጁ ነው፤ እጁም የሚኖረው በየጊዜው ደንገል ሲያጭድ ብቻ ነው። የእስሩን ዓይነት፣ የክፍሎቹን ስም፣ የማጨጃውን ወቅት የሚናገሩት ቃላትም ከዚያው እጅ ጋር የተጣመሩ ናቸው። ጥላ ብቻ የሚያነሣ ፎቶግራፍ ግን የእስሩን ቋጠሮ አያሳይም። የሰውን ፊት ማሳየትማ ጨርሶ አይሆንለትም።

ታንኳው ሰውንና ጭነትን የማመላለሱን ሥራ ለሞተር ጀልባ አስረክቧል። ይህ መሆኑ ለደሴቱ ሕዝብ ጥቅም ነው፤ ወላድ ሴት ሆስፒታል ለመድረስ የምትፈልገው የደንገል ውበት ሳይሆን ፍጥነት ነው። የጥንቱን ታንኳ ለጎብኚ ዓይን ሲባል በግድ ማቆየት አለብን የሚል ሃያሲ የእንግሊዙን ጀልበኛ በ3 ሜትር ክፍል ውስጥ ለዘላለም እንዲኖር ከመፍረድ አይለይም። ሮልት ራሱ እዚህ ነጥብ ላይ አልፎ አልፎ ወደ ናፍቆት አዘንብሎ ነበር። ሆኖም የዓሣ አስጋሪው ታንኳ አሁንም በደንገሉ መካከል ይታያል፤ ቆሮሶና አምባዛ ይያዝበታል። የሚሠራ ሰው ያለበትን ነገር እንደ ሞተ ነገር መሣል የእውነት ጉድለት እንጂ የአቀራረብ ምርጫ ተብሎ ሊታለፍ አይችልም።

ከሥዕሉ ክፈፍ ውጭ የቀረው ሌላው ነገር ውኃው የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። በመቂና በባቱ ዙሪያ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያመርቱ ገበሬዎች ፓምፕ፣ የአበባ እርሻዎቹ ቧንቧ፣ የከተማው የመጠጥ ውኃ፣ ሁሉም ከዚሁ ሐይቅ ይቀዳሉ። ዝዋይ ሲጎድል ቡልቡላ ይቀጥናል፤ ቡልቡላ ሲቀጥን አቢጃታ ይሸሻል። አቢጃታ ከቀድሞ ዳርቻው ምን ያህል እንደ ሸሸ ዳሩ ላይ የቆመ ሰው በነጭ ጨው የተሸፈነውን ባዶ መሬት አይቶ ይረዳዋል። እምቦጭ የተባለው አረምም እ.ኤ.አ. በ1965 በቆቃና በአዋሽ ታይቶ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት ወደ ዝዋይም ደርሷል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያምራልም። ካሜራ ይዞ የወጣ ሰው ጠላቱን እንደ ጌጥ አንሥቶ የሚመለስበት ጊዜ አለ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ሥራ ውስጥ አጉረህ አቅርብ ተብሎ ለሠዓሊ ወይም ለፊልም ሠሪ ትእዛዝ አይሰጥም። የፓምፕ ሥዕል ሁሉ ጥሩ ሥዕል አይደለም፤ መፈክር የተለጠፈበት ሸራ በበኩሉ ፖስተሩን በሌላ ቀለም መድገም ይሆናል። የሚጠየቀው ዘገምተኛ መሆን ነው። የጀልባ ቀን ለኪነ ጥበብ ያለው ትልቁ ጸጋ ፍጥነቱ ዝቅተኛ መሆኑ ነው። ከመኪና መስኮት ያመለጠው ነገር ከጀልባ ላይ አያመልጥም። አንድ የፊልም ባለሙያ ከባቱ እስከ ቱሉ ጉዶ ያለውን መንገድ ሳይቆራርጥ ቢያነሣ፣ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የተመልካቹ ዓይን ወፎቹን ያያል። ወፎቹ ካለቁ በኋላ ሰዎቹን ማየት ይጀምራል። የጤፍ ከረጢት፣ ጋዝ የያዘ ጀሪካን፣ በመሐረብ የታሰረ መድኃኒት፣ ለልጅ የተገዛ ደብተር ይታየዋል።

ድምፁስ? በአሁኖቹ የሐይቅ ላይ ፊልሞች ውስጥ ከመነሻ እስከ መድረሻ ሙዚቃ ተነጥፎበታል፤ ብዙ ጊዜ ዋሽንት ወይም የተቀናበረ ፒያኖ ነው። ከሥሩ የተቀበረው ድምፅ ግን በጀልባው ላይ ያለው ጭውውት ነው። አሮጊቷ ከጎረቤታቸው ጋር በዛይኛ ያወራሉ፤ የልጅ ልጃቸው በኦሮምኛ ትመልስላቸዋለች፤ ጀልበኛው ሒሳብ ሲቀበል ወደ አማርኛ ይለውጠዋል። ማንም ሳያስበው ቋንቋው በዚህ ዓይነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍና ሳይተላለፍ ሲቀር የሚሰማበት ሌላ ሥፍራ በቀላሉ አይገኝም፤ የሞተሩ ድምፅ ቢያስቸግርም ማይክሮፎኑን ጠጋ አድርጎ መቅዳት የሚሳነው ባለሙያ የለም።